ለአንድ ሰው የሚሆን መቀመጫ

ሹፌሮቹ ወስፌ ይሏታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ ከእጇ የማይጠፋውን የቆዳ መብሻ አይቶ ነው ወይስ ምላሷን ቀምሶ የሚለው ግን እስካሁን ያከራክራል። እሷ ሁለቱንም አትክድም። ሥራዋ የመኪናና የሞተር ወንበር ማልበስ ነው። ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ አንዲት ክፍል አለቻት፤ በሩ ገና ሲከፈት የማስቲሽና የአዲስ ሌዘር ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። በአንድ በኩል እስከ ጣሪያ የተከመረ ስፖንጅ፣ በሌላው በኩል ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ጥቅል ሌዘር፣ መሃል ላይ የአባቷ የነበረችው ከባድ የስፌት መኪና።

ሙያውን ያስተማራት አባቷ ነው፤ ማስተማር ከተባለ። ሰውየው የጭነት መኪና ወንበር ሰፊ ነበር። የሴት ልጅ እጅ ሌዘር መወጠር አይችልም እያለ ሦስት ዓመት ሙሉ ስፖንጅ ከማስቆረጥና ክር ከማስጠቅለል አላሳለፋትም። አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዞት ሲተኛ፣ ወንበሩን ሊወስድ የመጣ ሹፌር በሩ ላይ ቆሞ ሲነዘንዛት ጊዜ፣ ብሽቅ ብላ ራሷ ወጥራ ሰፋችለት። አባቷ ድኖ ሲመለስ ነገሩን ሰማ። በማግስቱ ሌዘር የሚቆርጥበትን መቀስ ከራሱ በኩል አንስቶ በእሷ በኩል አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ በአካባቢው ያለ ሹፌር ሁሉ እሷ በሰፋችው ላይ ተቀምጦ ነው እንጀራውን የሚያበስለው።

ባሏ ፍሪጅ ሠሪ ነው። ቤት ለቤት እየዞረ አልቀዘቅዝም ያለ ፍሪጅ ያክማል። ዝምተኛ ሰው ነው፤ እሷ ለሁለቱም ታወራለች። ከተጋቡ ጊዜ አንስቶ፣ ማለት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት በሞተሩ ከኋላው ተፈናጥጣ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። የተፈናጠጠችበትን መቀመጫ የሰፋችው ራሷ ናት። ባሏ ስለሚረዝም የፊቱን ዝቅ፣ ለእሷ ደግሞ የኋላውን ሰፋና መሃሉን ጎድጎድ አድርጋ ነበር የሠራችው። አሥራ አንድ ዓመት ሲያገለግል አንድ ስፌት አልተረተረም። ታዲያ መንገዱን ሁሉ በዝምታ አልሄደችም። ጉድጓድ በገባ ቁጥር ወገቤን ቆረጥከው፣ ፍሬን በያዘ ቁጥር ልትገድለኝ ነው፣ ቀስ ካለ ደግሞ ዛሬ ልንደርስ ነው ወይስ ነገ። እሱ መልስ አይሰጥም። እሷም መልስ አትጠብቅም።

የባሏ ችግር ዕቃው ነበር። መሣሪያውን የሚይዝበት ቦርሳ ከፊቱ፣ ነዳጅ ታንኩ ላይ ነው የሚቀመጠው። አንድ ጊዜ ዚፑ ተበጥሶ ኤሌክትሪክ የሚፈትሽበት ቴስተሩ አደባባይ ላይ ወደቀና የጭነት መኪና ሄደበት። ሌላ ጊዜ ዝናብ ገብቶበት የጋዝ መለኪያው ዛገ። አንድ ጊዜ ደግሞ የደንበኛ በር እያንኳኳ ሳለ፣ ጀርባውን ባዞረባት ቅጽበት ሌባ የብየዳ ችቦውን መዞ ሄደ። ይህን ሁሉ ወስፌ ታውቃለች። ከንፈሯን መጣለታለች፣ ሌባውን ረግማለታለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሄልሜቷን በክንዷ አንጠልጥላ፣ የምሳ ዕቃዋን ይዛ ከቤት ወጣች። ሞተሩ እንደ ወትሮው ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ የእሷ ቦታ ግን የለም። ከፊት አንድ ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ አዲስ ጥቁር መቀመጫ ገብቷል፤ ከኋላ፣ እሷ በምትቀመጥበት ላይ፣ ከመቀመጫው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራና በዚያው ሌዘር የተለበጠ ባለቁልፍ ሣጥን ተቀምጧል። ባሏ ቁልፉን አዙሮ ክዳኑን ከፍቶ አሳያት። ቴስተሩ፣ የጋዝ መለኪያው ከነቱቦው፣ ችቦው፣ ካቻቢቴዎቹ፣ ሁሉም በየቦታቸው ተሰድረዋል። ከሁሉ በፊት ያንገበገባት ፊቱ ላይ ያየችው ፈገግታ ነው።

«ታክሲው እኮ እዚሁ ነው» አላት። «ከእንግዲህ ወገብሽም ያርፋል።»

ደሟ እስከ ጆሮዋ ወጣ። የምትለው ነገር ሁሉ አንድ ላይ መጥቶ አንዱም አልወጣ አለ፤ ይህ ደግሞ በሕይወቷ ደርሶባት አያውቅም። ሄልሜቷን የበሩ እጀታ ላይ ሰቅላ ወደ ታክሲው ሰልፍ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ በአጠገቧ አለፈ። ባሏ ጥሩምባ ነፋላት። ቀና ብላ አላየችውም።

ያን ቀን ሥራው ሁሉ ተበላሸባት። የአንድ ሚኒባስ ወንበር ልብስ ገልብጣ ሰፍታ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ስትተረትር ዋለች። ሹፌሩ ምነው እትዬ ወስፌ ዛሬ ደህናም አይደለሽ ቢላት፣ ካልተመቸህ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ንዳ አለችው። ሰውየው ሳቀ፤ የለመደው ነው። እሷ ግን አልሳቀችም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከኋላው የተቀመጠች ሰው ቦታዋን ለካቻቢቴ ለቅቃ ነው ዛሬ ታክሲ የተሰለፈችው። ይህ እንኳ ይቅር፤ የወንበር ሰፊ ባል ከሱቅ ወንበር ገዛ ሲባል ሹፌሮቹ ምን ይላሉ?

ባሏ ከሥራ ተመልሶ ገላውን ሊታጠብ ሲገባ፣ እጇን ኪሷ ከታ ሞተሩ ዘንድ ሄደች። የሄደችው ጉድለት ፍለጋ ነው። እነዚህ የፋብሪካ መቀመጫዎች እንዴት እንደሚሠሩ በየጊዜው ሲቀደዱ እየመጡላት አይታለች፤ ስፖንጁ ሳስቶ በወሩ ይተኛል፣ ሌዘሩ በሽቦ ይመታል እንጂ በወጉ አይወጠርም፣ ክሩ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ገለባ ይሰባበራል። አውራ ጣቷን ስፖንጁ ላይ ተጫነች። መልሶ ገፋት። ስፌቱን በጥፍሯ ፈተሸች። ሁለት መስመር ነው፣ ልክ እሷ እንደምትሰፋው፣ ምናልባትም ከእሷ ይበልጥ የቀና። ክዳኑን ከፍታ የጎማውን ጠርዝ ዙሪያውን በጣቷ ሄደችበት። ውኃ የምታስገባ አንዲት ቀዳዳ የላትም። ማጠፊያው የቆመው ላስቲክ ላይ ሳይሆን ብረት ላይ ነው።

መቀመጫው ጥሩ ነበር። ቆሽቷ ያረረው ያን ጊዜ ነው። ርካሽ ነገር ቢሆን ኖሮ ትስቅበት፣ በሦስተኛው ወር ሲቀደድ ትጠብቀው ነበር። አሁን ምን ብላ ታጣጥለው?

አሮጌውን መቀመጫ ፍለጋ ግቢውን ዞረች። ያገኘችው ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ነው። በጀርባው ተጋድሞ፣ ከታንከሩ የሚንጠባጠበውን ውኃ ሲጠጣ ውሎ አድሯል። በእጇ ስታነሳው እንደ ሞላ እንስራ ከበዳት። ያን ማታ ያቀረበችው እራት ጨው አንሶት ነበር። ከእነሱ ጋር የምትኖረው አንዲት ልጃቸው፣ የነርስነት ተማሪዋ፣ አንዴ እናቷን አንዴ አባቷን እያየች በላች።

በማግስቱ ወስፌ በሯን ዘግታ፣ ክዳኑ ላይ በተለጠፈው ስም አፈላልጋ መቀመጫው የተገዛበት ሱቅ ሄደች። ለምን እንደምትሄድ ለራሷም በደንብ አልታወቃት። ባለሱቁ ፀጉሩ ወደኋላ የተለጠፈ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ማንነቷን አልነገረችውም። ለሞተር የሚሆን፣ ዕቃ መያዣ ያለው መቀመጫ እፈልጋለሁ ብቻ አለችው።

ባለሱቁ ከግድግዳው እያወረደ አሳያት። አንደኛው ለሁለት ሰው የሚሆን ረጅም መቀመጫ ነው፤ በቁልፍ ወደ ላይ ይከፈታል፣ ከሥሩ ግን የዝናብ ልብስና ወረቀት እንጂ ሌላ አይዝም። ሁለተኛው በግራና በቀኝ ኪስ አለው፤ ይህ፣ አለ ባለሱቁ ራሱ፣ ለሌባ የተሰፋ ነው፣ ለአንቺ አልመክርሽም። ሦስተኛው የባሏ ነው። እሱን ሲያነሳ ፊቱ በራ። ባለፈው ሳምንት አንድ ፍሪጅ ሠሪ ይህንኑ እንደወሰደና አራት ጊዜ ተመላልሶ እንደመረጠ ነገራት። ሰውየው መሣሪያውን በከረጢት ይዞ እየመጣ ወንበሮቹ ውስጥ አንድ በአንድ ሲለካ ነበር። መጀመሪያ የፈለገው ለሁለት ሰው የሚሆነውን ነበር፤ የጋዝ መለኪያው ግን አልገባ አለው። አዙሮ ሞከረ፣ ቱቦውን ፈትቶ ሞከረ፣ ተወው። በአራተኛው ቀን ነው ይህን የወሰደው።

እስከዚህ ድረስ ወስፌ ልቧ ትንሽ ረገብ ብሎ ነበር። ባለሱቁ ግን አላቆመም።

«ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው ደግሞ» አላት እየሳቀ። «ሚስቴ ወንበር ሰፊ ናት፣ ግን ተራ አይደርሰኝም ብሎ አሳቀን።»

መቀመጫውን መለሰችለትና ወጣች። እስከ ታክሲው ድረስ እግሯ መሬት መንካቱን አላወቀችም። ቤቷ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ለማውጣት አንድ ሳምንት የሚፈጅበት ሰው፣ ከሰው ሱቅ ቆሞ በእሷ ሲያስቅ ጨዋታ አዋቂ ተባለ።

ባሏ ያን ዕለት ገና ሄልሜቱን ሳያወልቅ ነው በር ላይ የያዘችው። ልጃቸው ጠረጴዛው ላይ ታጠና ነበር።

«እኔ የት እንድቀመጥ ብለህ ነው?» አለችው።

እሱ ሄልሜቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። ወገቤ አለቀ ስትይ አይደለም ወይ የምትውይው፣ አላት። በየቀኑ። በየጉድጓዱ። እሱማ ይኸው ገላገልኳት፣ ደስ ይላታል ብሎ ነበር።

«ማማረርና መውረድ አንድ ነው?» አለች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳማርር አንድ ቀን አውርደኝ ብዬሃለሁ?»

«ሦስት ጊዜ ጠየቅኩሽ» አለ ባሏ። «ዕቃ የሚይዝ አድርገሽ ሥሪልኝ አልኩሽ። ሦስት ጊዜ።»

ጠይቀኸኝ አታውቅም ልትል አፏን ከፈተች። ልጇ ዓይኗን ከመጽሐፉ ሳታነሳ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀደመቻት።

«እማዬ፣ ጠይቆሻል። አንዱን ጊዜ እኔም ነበርኩ። ይህን ሚኒባስ ልጨርስና አልሽው።»

ያኔ ትዝ አላት። ሚኒባሱም ትዝ አላት፤ ባለቀይ ስፌቱ። እሱ ሲያልቅ ሌላ መጣ፣ ከዚያ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ መጣ። ባሏ ቤት ያለ ሰው ነው፤ ነገም አለ፣ ከነገ ወዲያም አለ ብላ ነው የተወችው። ይህን ማወቋ ግን ንዴቷን አላበረደላትም፤ ጭራሽ አባሰው፤ ቀድሞ በእሱ ብቻ ነበር የምትናደደው፣ አሁን ራሷም ተጨመረች።

«አራተኛ ብትጠይቀኝ ምን ይልህ ነበር?» አለች።

«ደንበኛሽ አይደለሁማ።»

«አይደለህም። ደንበኞቼ በሰው ሱቅ ቆመው አያስቁብኝም።»

ባሏ ቀና ብሎ አያት። ከየት እንደሰማች ገባው መሰል ፊቱ ተቀየረ። ሄልሜቱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።  «እሱ ልክ አልነበረም» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ይቅርታ ማለት እንደሆነ ገብቷታል፤ በእሱ ቋንቋ ከዚህ የረዘመ የለም። ግን ይህን ያህል አጭር ይቅርታ ለዚህ ያህል ነገር አልበቃትም፤ ለአምስት ቀን ሳታናግረው ቀረች። ለእሷ ዝምታ እንደ ጾም ነው። አምስት ቀን ያናገረቻቸው ሹፌሮች ዳፋውን ቀመሱ።

እሑድ ጠዋት አሮጌውን መቀመጫ ይዛ ሱቋን ከፈተች። ሌዘሩን ገፈፈችው። ስፖንጁ ገምቷል፤ ጣለችው። ከሥሩ ያለው ብረት ብቻ ቀረ። እሷ ያሰበችው ሁለቱም ተቀምጠውበት ከሥራቸው ደግሞ ዕቃውን ሁሉ የሚውጥ መቀመጫ ነው፤ ያ ባለሱቅ አይቶት የማያውቅ። ከጎረቤቷ በያጅ ጋር ሆነው ከሞተሩ ላይ ሲለኩት ግን ነገሩ እንደዚያ አልሆነም። ከፊቱ መቀመጫ ሥር ባትሪው አለ፤ ከኋላው ሥር ደግሞ የጎማው ጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎው፣ ጉብ ብሏል። ሣጥን የሚገባው ከኋላው ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ላይ ካልተነሳ ጥልቀት አያገኝም። በያጁ አይሆንም አላት። አይሆንም የምትለውን ነገር ሠርተህ አሳየኝ አለችው።

ሠራላት። ላሜራውን በየደው፣ እሷም ስፖንጅ ቆርጣ፣ ሌዘር ወጥራ፣ ሁለት መስመር ሰፍታ አለበሰችው። ሰኞ ጠዋት አዲሱን አውልቃ የራሷን ገጠመችና ወጣችበት። አቤት ከፍታው። አገጯ ከባሏ ሄልሜት በላይ ሆነ፣ ጉልበቷ የጎድን አጥንቱ ሥር ገባ፣ ነፋሱ ሁሉ የእሷን ፊት መረጠ። ጎረቤት በሩ ላይ ቆሞ፣ እትዬ ከላይ ሆነሽ ምን ይታይሻል ብሎ ጠየቃት። ባሏ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አየችው፤ እየሳቀ ነው። እስከ ሱቋ ድረስ እንደ ሐውልት ተገትራ ሄደች፤ እንደደረሰች ሳትሰናበተው ወርዳ መቀመጫውን አስነቀለችው። ባሏ ለዕለቱ ሥራ በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ ጨርቅ አንጥፎ ተቀምጦ ሲዞር ዋለ።

አራት ጣት ያህል አስቆረጠችው። አሁን መቀመጫው ለሰው ሆነ፤ ሣጥኑ ግን ጎደለ። ቴስተሩ ይገባል፣ ካቻቢቴዎቹ ይገባሉ፣ ችቦውም ከተጋደመ ይገባል። የጋዝ መለኪያው አይገባም። ባሏ አንድ ጊዜ ሞከረው፣ አዙሮ ሞከረው፣ ወደ ከረጢት መለሰው።

«ይበቃል» አላት።

አልበቃም። እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። ይህ ይበቃል የሚለው ቃል ነው የልቧን ክር የበጠሰው። እንዲህ እያለ ነው አሥራ አንድ ዓመት ቦርሳ ደረቱ ላይ አቅፎ የነዳው፤ እንዲህ እያለ ነው ሦስት ጊዜ ጠይቆ ሄዶ ከባዕድ የገዛው። እሷ ሰባት ቃል ተናግራ የምትጥለውን እሱ በአንድ ቃል ቀብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ተነስተህ ስታይ ቦታህ የለም። አልበቃም በል አለችው። የከረጢቱን አፍ አሰረ። በል እንጂ አለችው። አልበቃም፣ አለ። ጋዝ በሚሞላበት ቀን መለኪያው የግድ ነው፣ ያለ እሱ ሥራ የለም።

«አሁን አወራህ» አለችው፤ ተቆጥታም ቢሆን።

ዛሬ ሁለቱም መቀመጫዎች ቤት ውስጥ ናቸው። አንዱ በሁለት ብሎን ይፈታል፣ ሌላው በቁልፍ ይነቀላል። ጋዝ የሚሞላ ሥራ ሲኖር የሱቁ ይገጠማል፣ ሳይኖር የእሷ። ማታ ማታ ባሏ ነገ እንዲህ ያለ ሥራ አለብኝ ይላታል፤ እሷ ትወስናለች። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሲበዛ ሦስት ጊዜ ታክሲ ትሰለፋለች፤ በእነዚያ ቀኖች ሹፌሮቹ ከምሳ በፊት ወደ እሷ አይመጡም። በሌሎቹ ቀኖች ከኋላው ተፈናጥጣ ትሄዳለች፤ ጉድጓድ ሲገባ ወገቧ ይቆረጣል፣ እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ ዝም ትላለች። አንዴ ካማረረች ምን እንደሚመጣ አይታዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በነፃ ያማረረችበትን መንገድ አሁን አፏን ዘግታ መሄዷ ከሁሉም በላይ ያበሽቃታል። ባሏ አንድ ቀን፣ ምነው ዝም አልሽ፣ አመመሽ እንዴ ብሎ ሲጠይቃት፣ መንገዱን እያየህ ንዳ ብቻ አለችው።

ሥራዋ ላይም አንድ ጠባይ አመጣባት። ወሬው ሲሰማ ባለሞተሮች ዕቃ የሚይዝ መቀመጫ ሥሪልን እያሉ መምጣት ጀመሩ። ሜትሯን ከማንሳቷ በፊት ትጠይቃለች፤ ከኋላህ ማን ነው የሚቀመጠው? ማንም የለም ካሉ ትሠራለች። ሚስቴ፣ እናቴ፣ እህቴ ያለ ሰው ግን ሴትየዋን ይዞ ካልመጣ ጣቷን አታነሳለትም። ሁለት ሦስቱ ተቆጥተው ወደዚያ ሱቅ ሄደዋል። ባሏ ገበያሽን እያባረርሽ ነው ቢላት፣ አንተ ነህ ያስተማርከኝ ብላ አፉን አስያዘችው።

በቅርቡ አንድ ዳቦ አመላላሽ መጣ። የፈለገው የአንድ ሰው መቀመጫ ነው፣ ከኋላው ትልቅ ሣጥን ያለው። ከኋላህ ማን ነው የሚቀመጠው አለችው። ባለቤቴ አለ። ሂድና ይዘሃት ና አለችው። ሰውየው እየተነጫነጨ ሄዶ ይዟት መጣ። ሴትየዋ ቀጭን፣ ፊቷ ኮስተር ያለ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ የያዘች ናት። ወስፌ ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና፣ ልብሽ ያለውን ሳትፈሪ ንገሪኝ፣ ባልሽ ቦታሽን በዳቦ ሊለውጠው ነው አለቻት።

«ይለውጠው» አለች ሴትየዋ። «እኔ ከእሱ ኋላ መቀመጥ ከሰለቸኝ ዓመት አልፎኛል። ሣጥኑን ሰፋ አድርጊለት።»

ዳቦ አመላላሹ መሬት መሬት አየ። ወስፌ የምትለው ጠፋት፤ ይህ በሕይወቷ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። ሜትሯን አነሳች። ቀኑን ሙሉ ፊቷን አጥቁራ፣ ላሜራውን ለካች፣ ስፖንጁን ቆረጠች፣ ሌዘሩን እስኪጮህ ወጠረችው። ሰፊ ሣጥን ሠራችለት፤ ዙሪያውን ባለ ሁለት መስመር ስፌት፣ አንዲት ጠብታ የማታሳልፍ።